ሂዩ ሃምፕተን ያንግ (1870–1945)፦ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ ምርመራ አመጣጥና ትርጉም

መግቢያ

ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሕመምተኛ ሁሉ አስቀድሞ ደሙ መመርመር እንዳለበት በብዙ ሆስፒታሎች እንደ ደንብ ይቆጠራል። ደንቡ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተጀመረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ዘርፍ የዚህ ልማድ አንዱ ሥር የሚገኘው በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በሂዩ ሃምፕተን ያንግ የሥራ ዘመን ነው። ያንግ ከዘመናዊ ዩሮሎጂ መሥራቾች አንዱ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ሲመረመር ስለ ምርመራ ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች ይገኙበታል፤ አንደኛው ምርመራ የሕመምተኛን ዕድል እንዴት እንደሚለውጥ ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብልህ ሐኪም እንኳ ማነጻጸሪያ የሌለውን ማስረጃ ቢያምን ምን እንደሚገጥመው ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና ያልታሰበ ሹመት

ያንግ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1870 በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዊሊያም ሂዩ ያንግ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቡ ኮንፌዴሬሽን ጎን ተሰልፈው በብርጋዴር ጄኔራልነት ያገለገሉ የጦር ሰው ነበሩ። ወጣቱ ያንግ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በ1894 በሕክምና ተመረቁ። ከዚያም ወደ ባልቲሞር አቀኑ። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዚያን ጊዜ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ በውስጥ ደዌ ዊሊያም ኦስለርን፣ በፓቶሎጂ ዊሊያም ዌልችን፣ በቀዶ ሕክምና ዊሊያም ሃልስቴድን የያዘ የምርምርና የማስተማሪያ ማዕከል ነበር።

ያንግ በሃልስቴድ ሥር የአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናቸውን በመከታተል ላይ ሳሉ፣ በ1897 ድንገተኛ ሹመት ደረሰባቸው። ራሳቸው በኋላ እንደ ተረኩት፣ በሆስፒታሉ መተላለፊያ ሲጣደፉ ከሃልስቴድ ጋር ተጋጩ፤ ሃልስቴድም የሽንትና የብልት አካላት ቀዶ ሕክምና ክፍልን እንዲመሩ መመረጣቸውን ነገሯቸው። ያንግ ስለ ዘርፉ ምንም እንደማያውቁ ቢገልጹም፣ ሃልስቴድ እርሳቸውም ሆኑ ዌልች ይህን እንደሚያውቁ፣ ሊማሩት እንደሚችሉ ግን እንደሚያምኑ መለሱላቸው። ሹመቱ ሲሰጥ ያንግ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ሹመቱ በጊዜው የሚያስቀና አልነበረም። የሽንት አካላት ሕክምና በአብዛኛው ከአባላዘር በሽታዎች ጋር ተዳብሎ የሚታይና በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ዝቅ ያለ ግምት የሚሰጠው ሥራ ነበር። ያንግ በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይህን ሁኔታ ከለወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሆኑ።

ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላ የሚመጣ ሞት

በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት በሽማግሌዎች ላይ የሚያደርሰው ሥቃይ መፍትሔ ሲፈለግለት ቆይቷል። ዕጢው የሽንት መተላለፊያውን ሲያጠብብ ፊኛው ሙሉ በሙሉ መጉደል ይሳነዋል፤ ብዙዎች በየቀኑ ካቴተር እያስገቡ ሽንታቸውን ማውጣት ግድ ይሆንባቸው ነበር። በለንደን ፒተር ፍሬየር ሆድን ከታች ከፍቶ በፊኛው በኩል ዕጢውን የማውጣት ዘዴያቸውን በ1901 ይፋ አደረጉ። ያንግ በበኩላቸው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ሥፍራ ቀድዶ የመግባትን መንገድ መረጡ። ዕጢውን ወደ ታች ስቦ ለዓይን ቅርብ የሚያደርግ መሣሪያ ሠርተው ዘዴያቸውን በ1903 አሳተሙ። ኤፕሪል 7 ቀን 1904 ደግሞ፣ ሃልስቴድ ራሳቸው ረዳት ሆነው በቆሙበት፣ በካንሰር የተጠቃ የፕሮስቴት ዕጢን ከነልባሱና በዙሪያው ካሉት ክፍሎች ጋር አንድ ላይ አወጡ። ይህ ቀን በፕሮስቴት ካንሰር የቀዶ ሕክምና ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ ተደርጎ ይጠቀሳል።

የእጅ ሥራው እየተሻሻለ ሲሄድ ግን አንድ አስቸጋሪ ችግር ጎልቶ ወጣ። ደሙ በሚገባ የቆመለት፣ ቁስሉም ያልመረቀዘ ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምናው ቀናት በኋላ ድብታ ይጫነዋል፤ ምላሱ ይደርቃል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ በመጨረሻም ራሱን ስቶ ይሞታል። ለሞቱ ምክንያት የነበረው የቢላው ጥፋት ሳይሆን የኩላሊት መድከም ነበር። ለወራትና ለዓመታት የታቆረ ሽንት ግፊቱን ወደ ላይ አስተላልፎ ኩላሊቶቹን ያዳክማቸዋል። ሽማግሌው ግን በአልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያወራና ሲበላ ጤነኛ ይመስላል። ማደንዘዣው፣ የደም መፍሰሱና ፊኛው በድንገት መጉደሉ ሲደራረቡበት፣ የተሟጠጠው የኩላሊት አቅም ያኔ ይገለጣል።

ሐኪሙ በዓይኑ አይቶና በእጁ ዳስሶ ሊለየው ያልቻለው ይህ ነገር ነበር። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን መመርመርም በቂ አልነበረም፤ የኩላሊትን ጉዳት ሊጠቁም ቢችልም የቀረውን የሥራ አቅም አይለካምና። ስለዚህ በያንግ ክፍል የተነሣው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ሁለት ጤነኛ የሚመስሉ ሽማግሌዎች ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው ከመካከላቸው የትኛው እንደሚሞት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

ቀዩ ማቅለሚያ

መልሱ የመጣው በከፊል ከፋርማኮሎጂ ቤተ ሙከራ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ጆን ጄኮብ ኤብልና ሊዮናርድ ራውንትሪ ፍታሌይን የሚባሉ ውሁዶች በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ሲያጠኑ፣ ፌኖልሰልፎንፍታሌይን የተባለው ማቅለሚያ በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ተጣርቶ እንደሚወጣ ተገነዘቡ። ራውንትሪና የያንግ ክፍል ባልደረባ የነበሩት ጆን ጌራቲ ይህን ግኝት በ1910 ወደ ኩላሊት መፈተኛ ዘዴ ለወጡት።

የዘዴው አሠራር ቀላል ነበር። 6 ሚሊግራም ማቅለሚያ በጡንቻ ወይም በደም ሥር ይወጋል፤ ከዚያ በየተወሰነው ሰዓት ሽንቱ ይሰበሰባል። ሽንቱ ላይ አልካሊ ሲጨመርበት ማቅለሚያው ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የቅላቱም መጠን ከታወቀ መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ጤነኛ ኩላሊት ከተወጋው ማቅለሚያ ከግማሽ በላይ የሆነውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስወጣል። የደከመ ኩላሊት ግን ጥቂቱን ብቻ ያስወጣል፤ በጣም የተጎዳውማ ምንም ያህል አያሳይም።

ብዙም ሳይቆይ የደም ምርመራ ተጨመረበት። በ1912 ኦቶ ፎሊንና ዊሊ ዴኒስ በጥቂት ደም ውስጥ ያለውን ዩሪያና ሌላ የናይትሮጅን ዝቃጭ ለመለካት የሚያስችሉ ዘዴዎችን አቀረቡ። በ1913 ደግሞ በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ኤሊ ኬነርሊ ማርሻል ከአኩሪ አተር በሚገኝ ዩሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ዩሪያን በቀላሉ የመለኪያ ዘዴ አስተዋወቁ። ሁለቱ ምርመራዎች ተደጋጋፊዎች ነበሩ። ማቅለሚያው ኩላሊቱ በዚያች ሰዓት ያለውን የማስወጣት ችሎታ ሲያሳይ፣ የደሙ ዩሪያ ሳይወጣ ቀርቶ የተጠራቀመውን ያመለክታል።

ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ነገር ቁጥሩ የሚያስከትለው ተግባር ነበር። ምርመራው ዝቅተኛ ውጤት ያሳየበት ሕመምተኛ ወዲያውኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም። ካቴተር ገብቶለት የታቆረው ሽንት ቀስ በቀስ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ምርመራውም በየጊዜው ይደገማል። ማቅለሚያው ከፍ እያለ፣ የደሙ ዩሪያ ዝቅ እያለ መጥቶ ሁለቱም በአንድ ደረጃ ሲረጉ ቀዶ ሕክምናው ይፈጸማል። ይህ ዝግጅት ለአንዳንዱ ቀናት፣ ለሌላው ሳምንታት ይወስድ ነበር። ፕሮስቴትን ማውጣት ለሽማግሌ የሚያስፈራ የመጨረሻ አማራጭ ከመሆን ወጥቶ ሊታቀድ የሚችል ሕክምና ወደ መሆን የተሸጋገረው በእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን በዚህ ትዕግሥት ጭምር ነው።

ሌሎች ሐኪሞች ያልደፈሩት ሕመምተኛ

የያንግ ስም ከሕክምናው ዓለም ውጭ የገነነው በአንድ ባለጸጋ ምክንያት ነው። ጄምስ ብሬዲ የባቡር ዕቃዎችን በመሸጥ የከበሩ፣ በአልማዝ ጌጦቻቸውና በአበላላቸው ብዛት የታወቁ የኒው ዮርክ ሰው ነበሩ። ሽንታቸው በፕሮስቴት እብጠት ተዘግቶባቸው ሳለ ውፍረታቸው፣ የስኳር ሕመማቸውና የልባቸው ድካም ተደማምሮ ሌሎች ቀዶ ሐኪሞች ሥራውን ሳይደፍሩት ቀሩ።

ያንግ በ1912 ተቀበሏቸው። ለእኒህ ሕመምተኛ ሙሉ ማደንዘዣና ሰፊ ቁስል አደገኛ መሆናቸውን በመገንዘብ፣ ከ1909 ጀምሮ ሲያሻሽሉት የቆዩትን ቀለል ያለ መሣሪያ መረጡ። መሣሪያው በሽንት መውጫ ቱቦ በኩል ይገባል፤ ጎኑ ላይ ባለው ክፍተት የሚዘጋውን ሥጋ ይይዛል፤ በውስጡ የሚንሸራተተው ስለታም ቱቦም ቆርጦ ያወጣዋል። ሥራው በአካባቢ ማደንዘዣ ተፈጸመ፤ ብሬዲም ተሻላቸው። በምስጋናም ለሆስፒታሉ ባደረጉት ስጦታ የጄምስ ብካናን ብሬዲ ዩሮሎጂ ተቋም ተሠርቶ በ1915 ተከፈተ። ተቋሙ የሕመምተኛ ክፍሎችን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሎችንና ቤተ ሙከራዎችን በአንድ ጣራ ሥር የያዘ ነበር። ምርመራን ከቀዶ ሕክምና የማይለየው የያንግ አስተሳሰብ በሕንፃው አሠራር ውስጥ ሳይቀር ታይቷል።

በብሬዲ ጉዳይ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ስለ ሕመምተኛው የታወቀው ነገር ያስከተለው ውሳኔ ነው። የስኳር ሕመሙና የልብ ድካሙ መታወቃቸው ቀዶ ሕክምናውን አላስቀረም፤ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ግን ለወጠ።

ጦርነት፣ ጆርናልና የፕሬዚዳንቱ ሕመም

በ1917 ያንግ የዩሮሎጂ ጆርናልን መሥርተው ዋና አዘጋጅ ሆኑ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው የአሜሪካ ጦር የዩሮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ በመሆን በተለይ የአባላዘር በሽታዎችን የመቆጣጠር ዘመቻ መሩ።

በኦክቶበር 1919 ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ከተመቱ በኋላ ሽንታቸው ሲታገድ፣ ያንግ ወደ ዋይት ሐውስ ተጠሩ። በከባድ ሁኔታ ላይ ለነበሩት ፕሬዚዳንት ቀዶ ሕክምና ራሱ የሞት አደጋ ነበር። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግ ቀረ፤ እገዳውም በራሱ ለቀቀ። ከፍተኛ የቀዶ ሕክምና ችሎታ ባለበት ቦታ እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ የሕመምተኛው ሰውነት ቢላውን ይችላል ወይ የሚለው መሆኑን ይህ ሁኔታ ያስታውሳል።

ያልተመዘነ ተስፋ

በዚያው በ1919 ያንግ ከኤድዊን ዋይትና ከኧርነስት ስዋርትዝ ጋር በመሆን ሜርኩሮክሮም የተባለውን ቀይ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ይፋ አደረጉ። መድኃኒቱ ሜርኩሪ ያለበት ማቅለሚያ ሲሆን፣ የተፈለገውም በመጀመሪያ የሽንት አካላትን ከተሕዋስ ለማጽዳት ነበር። በኋላ ግን በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ቁስል የሚቀባበት ሆነ።

ያንግ በዚህ አልቆሙም። በ1920ዎቹ ውስጥ መድኃኒቱን በደም ሥር በመስጠት የደም መመረዝን ማከም እንደሚቻል በብርቱ ተከራከሩ። ማስረጃቸው በአብዛኛው የዳኑ ሕመምተኞች ታሪክ ነበር። መድኃኒቱን ያላገኙ ተመሳሳይ ሕመምተኞች ስንቶቹ በራሳቸው እንደሚድኑ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ አልቀረበም። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። የኩላሊትን አቅም ሳይለኩ ቢላ ላለማንሣት የተጠነቀቁት ሐኪም፣ ለራሳቸው መድኃኒት ተመሳሳይ ጥብቅ መመዘኛ አላቆሙለትም። በደም ሥር የመስጠቱ ልማድ እውነተኛ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቶች ሲመጡ ተተወ፤ በ1998ም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሜርኩሮክሮምን ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው በአጠቃላይ ተቀባይነት ካገኙት መድኃኒቶች ተራ አስወጣው።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1926 ያንግ ከዴቪድ ዴቪስ ጋር፣ በ12,500 ሕመምተኞች ጥናት ላይ የተመሠረተውን ባለ ሁለት ቅጽ የዩሮሎጂ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በ1937 በብልት አካላት የተፈጥሮ ልዩነቶችና በአድሬናል ዕጢ ሕመሞች ላይ ያተኮረ ሥራ፣ በ1940 ደግሞ ግለ ታሪካቸውን አቀረቡ። ኦገስት 23 ቀን 1945 በባልቲሞር ዐረፉ። በ1904 የጀመሩት የካንሰር ቀዶ ሕክምና በ1982 በዚያው በብሬዲ ተቋም በፓትሪክ ዎልሽ እጅ፣ ነርቮችን ሳይጎዱ ዕጢውን የማውጣት ዘዴ ሆኖ ታደሰ።

ከተመረጠ ምርመራ ወደ ልማድ

ያንግ ባረፉበት ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረገው ምርመራ ገና በእጅ የሚሠራ፣ ጊዜ የሚወስድና ለሚያስፈልገው ሰው የሚታዘዝ ነበር። በ1957 የደም ንጥረ ነገሮችን በራሱ የሚለካ መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል ሁኔታው ተለወጠ። ከአንድ ጠርሙስ ደም ብዙ ውጤቶችን በአንድ ጊዜ ማግኘት ስለተቻለ፣ ለአደገኛው ሕመምተኛ የተፈጠረው ምርመራ ለሁሉም የሚታዘዝ ሆነ።

በዚህ መስፋፋት ውስጥ ሁለት ነገሮች ጠፉ። የመጀመሪያው የመነሻ ዕድል ነው። የያንግ ሕመምተኞች ሽንታቸው ለረጅም ጊዜ የታቆረባቸው ሽማግሌዎች ስለነበሩ የኩላሊት ድካም በመካከላቸው ብርቅ አልነበረም። ጤነኛ ወጣት በሚመረመርበት ጊዜ ግን ከመደበኛው ወሰን የወጣ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። መደበኛ ወሰን የሚባለው ከጤነኞች 95 በመቶውን እንዲይዝ የሚወሰን በመሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ 20 ምርመራዎች ለአንድ ጤነኛ ሰው ቢደረጉ ቢያንስ አንዱ ከወሰኑ የመውጣት ዕድሉ ወደ 64 በመቶ ይጠጋል። ሁለተኛው የጠፋው ነገር የተግባር ትስስር ነው። በያንግ ክፍል ዝቅተኛ ውጤት ማለት ካቴተር፣ ውኃና መዘግየት ማለት ነበር። በልማድ የታዘዘ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያነበው በፋይል ውስጥ ይቀራል።

በ1985 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 2,000 የታቀደ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕመምተኞች መዝገብ መርምሮ፣ በልማድ ከታዘዙት ምርመራዎች 60 በመቶ ያህሉ የታወቀ ምክንያት እንዳልነበራቸው አሳየ። ከእነዚህም ውስጥ በሕክምናው ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር የሚችል ውጤት የተገኘባቸው 0.22 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2000 ደግሞ ከያንግ ዩኒቨርሲቲ በወጡ ተመራማሪዎች መሪነት፣ ከ19,000 በላይ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው ተጠኑ። ቀድሞ በልማድ የተመረመሩትና ያልተመረመሩት ሕመምተኞች የገጠማቸው የጤና ችግር መጠን እኩል ሆኖ ተገኘ።

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ደም የማይፈስበትና ቀላል ስለሆነ፣ ውጤቱ እንዳለ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ሊዛወር አይችልም። ሆኖም ዩሮሎጂ ራሱ አንድ ወጥ ዘርፍ አይደለም። ደም የመፍሰስ ታሪክ የሌለው ጤነኛ ሰው ለግርዛት፣ ለወንድ የዘር ቱቦ መቋጠር ወይም ፊኛን በመሣሪያ ለማየት ሲዘጋጅ ከደም ምርመራ የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ኩላሊቱ የሚወጣለት፣ ትልቅ ጠጠር በጀርባ በኩል የሚሰበርለት ወይም ሽንቱ የታቆረበት ሰው ግን የክሪያቲኒን፣ የሄሞግሎቢንና የደም ዓይነት ምርመራው ለውሳኔ ያስፈልጋል። ደም አቅጣኝ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ የመርጋት ምርመራ ያሻዋል። ጨው አልባ ፈሳሽ እየተረጨ በቱቦ በኩል ፕሮስቴቱ ለሚቆረጥለት ሰው፣ ፈሳሹ ወደ ደም ገብቶ ሶዲየምን ሊቀንስ ስለሚችል የመነሻው የሶዲየም መጠን ትርጉም አለው። የሽንት ቱቦን ልባስ የሚያቆስል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ፣ ከደም ምርመራ ይልቅ የሽንት ተሕዋስ ምርመራ ከደም መመረዝ ሊያድን ይችላል።

ማጠቃለያ

የሂዩ ሃምፕተን ያንግ ሥራ ከሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና በፊት ምርመራ አስፈላጊ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ለሁሉም በልማድ የሚታዘዝ ምርመራን ግን አይደግፍም። ቀዩ ማቅለሚያና የደም ዩሪያው ሕይወት ያተረፉት አደጋው በሚጠረጠርበት ሰው ላይ ስለተደረጉ፣ ውጤታቸውም የቀዶ ሕክምናውን ቀን ወይም ዓይነት ስለለወጠ ነበር። የሜርኩሮክሮም ታሪክ በተቃራኒው፣ ጠቃሚ መስሎ የታየ ነገር ሁሉ ካልተገኘበት ወገን ጋር እየተነጻጸረ መመዘን እንዳለበት ያስተምራል፤ ልማዳዊ የደም ምርመራም ከዚህ መመዘኛ ነጻ ሊሆን አይገባውም። ስለሆነም ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች በያንግ ዘመን የነበሩት ናቸው፤ በዚህ ሕመምተኛ ላይ የሚጠረጠረው ምንድን ነው? ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ ምን ይደረጋል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ፣ ለምርመራው የሚቀዳው ደም ለሕመምተኛው የሚያስገኝለት ጥቅም የለም።